አረንጓዴ ሻይ ለእናት ለአባት፦ ከደብረ ብርሃን ሱቆች የትኛው ይገዛ፣ እንዴትስ ይፈላ?

ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ ቅጠል የሚሸጥ ሱቅ አሁን አሁን ከጥቁሩ ጎን አረንጓዴውንም ይደረድራል። ልጆች ከአዲስ አበባ ወላጅ ሊጠይቁ ሲመጡ ከስኳሩና ከሳሙናው ጋር አንድ ፓኬት ይይዛሉ፤ «ለግፊት ጥሩ ነው፣ ለስኳርም ጥሩ ነው» ብለው። ፓኬቱ ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ከረጢት ከወጣለት በኋላ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ይጠጣል። እማማ ቀምሰውት «ኮሶ ነው እንዴ?» ብለው ትተውታል። ሻይው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እንደ ጥቁር ሻይ ተንተክትኮ ነው የቀረበላቸው።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። መደርደሪያው ላይ ካሉት ዓይነቶች ለአረጋዊ ሰው የሚገዛው ምንም ያልተቀላቀለበት ተራው የአረንጓዴ ሻይ ቅጠል ነው፤ በከረጢትም ይሁን በልቅ። ጥቅሙ እውነት ነው፤ የፓኬቱ ጽሑፍ የሚለውን ያህል ግን አይደለም። ትልቁ ጥቅም የሚገኘው በቀን ሦስት አራት ጊዜ የሚጠጣውን ስኳር የበዛበት ሻይ ሲተካ ነው። ጉዳትም አለው፤ እሱም በአብዛኛው ከሰዓቱ ይመጣል፤ ከምግብ ጋር፣ ከመድኃኒት ጋር፣ ወይም ወደ ማታ ሲጠጣ።

አረንጓዴውና ጥቁሩ ሻይ የአንድ ተክል ቅጠል ናቸው። ውሽውሽና ጉማሮ የሚበቅለው ያው ተክል ነው። የሚለያዩት ከተለቀሙ በኋላ ነው። ለጥቁር ሻይ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ይታሻል፣ አየር ያገኘዋል፣ ይጠቁራል። ለአረንጓዴው ግን ገና ትኩስ እያለ በእንፋሎት ወይም በጋለ ምጣድ ይመታና መጥቆሩ እዚያው ይቆማል። በዚህ ምክንያት ካቴኪን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ብዙም ሳይለወጡ ይቀራሉ። ሰው የሚፈልገው ጥቅም የሚጠበቀው ከእነዚህ ነው፤ አፍ የሚያኮማትረው መራራነትም የሚመጣው ከእነዚሁ ነው። ይህን የያዘ ሰው ከታች የምንለው የአፈላል ነገር ለምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

ስለ ጥቅሙ ሲወራ በብዛት የሚጠቀሰው በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን፣ ኦሳኪ በተባለው አካባቢ የተደረገው ጥናት ነው። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 79 የሆኑ 40,530 ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ለ11 ዓመት ክትትል ተደርጎላቸው ውጤቱ በ2006 ታተመ። በቀን አምስት ስኒና ከዚያ በላይ አረንጓዴ ሻይ የሚጠጡት፣ ከአንድ ስኒ በታች ከሚጠጡት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በማንኛውም ምክንያት የመሞት ዕድላቸው 16 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው በሰባት ዓመቱ ክትትል 26 በመቶ ያነሰ ነበር። በካንሰር መሞት ላይ ግን ልዩነት አልታየም፤ ፓኬቱ ላይ «ካንሰርን ይከላከላል» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ይህን ያስታውስ። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። የእነሱ ስኒ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ አምስት ስኒ ማለት ግማሽ ሊትር፣ ማለትም ሁለት ከረጢት ነው። ጥናቱም ሰዎቹ በራሳቸው ምርጫ ሲጠጡ የታዩበት ነው። ሻይ የሚያዘወትር ሰው በአመጋገቡና በእንቅስቃሴውም ከሌላው ሊለይ ስለሚችል፣ ልዩነቱ ሁሉ የሻይው ነው ማለት አይቻልም።

በሙከራ በተሠሩ ጥናቶች አረንጓዴ ሻይ መጥፎውን ኮሌስትሮል ጥቂት ይቀንሳል፤ የደም ግፊትንም አንድ ሁለት ነጥብ ያህል ዝቅ ያደርጋል። ይህ ለጤነኛ አዛውንት ደግ ነገር ነው። 160 የደረሰን ግፊት ወደ 130 የሚያወርድ ሻይ ግን የለም። «ሻዩን ጀምሬያለሁና ኪኒኑን ልተወው» የሚል አባት ካለ፣ ልጆቹ ቁጭ ብለው ሊያስረዱት የሚገባ ነገር ነው፤ ግፊት ሳይሰማ ይጨምራል፣ የሚታወቀው አንዳንዴ ሰውየው በስትሮክ ሲወድቅ ነው። ስኳር በሽታ ላይም ያው ነው፤ ሻይው የመድኃኒቱን ቦታ አይተካም።

ስኳሩ ላይ ግን ቆም እንበል፤ ሂሳቡ እዚህ ላይ ነውና። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ልሙጥ ሲሆን 4 ግራም ነው። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ፣ በየብርጭቆው ሁለት ማንኪያ ሲገባ 32 ግራም ይሆናል፤ በዓመት ከ11 ኪሎ በላይ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጨመር ስኳር ከቀኑ ምግብ ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ 5 በመቶው በ2,000 ካሎሪ ሲሰላ 25 ግራም ነው። ሽማግሌው ሌላ ጣፋጭ ነገር ባይቀምስ እንኳ በሻይ ብቻ ያልፈዋል ማለት ነው። በትክክል የፈላ አረንጓዴ ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣል። ያለ ስኳር አልሄድ ያለው ሰው በአንዴ አይከልከል፤ በየሳምንቱ ግማሽ ግማሽ ማንኪያ ይቀነስለት፣ በወር ውስጥ ምላሱ ይለምዳል። ማር ቢተካ ለውጥ የለውም፤ ማርም ስኳር ነው።

አሁን ወደ መደርደሪያው። ልምድ ለሌለው ገዢ የሚሻለው ከረጢቱ ነው፤ አብዛኛው ፓኬት 20 ወይም 25 ከረጢት ይይዛል፣ እያንዳንዱ 2 ግራም ገደማ። ጀርባው ላይ «የተሠራበት» የሚለው ዝርዝር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ መኖር አለበት፤ አረንጓዴ ሻይ። ሎሚ፣ ናና፣ ዝንጅብል፣ ጃስሚን የሚሉት ዓይነቶች ለጤና አይጎዱም። ጠረናቸው ግን ያረጀ ቅጠልን ሊሸፍን ስለሚችል መጀመሪያ ተራውን መግዛት ይሻላል፤ ሎሚውን ቤት ውስጥ መጭመቅ ይቻላል። የምርት ቀኑም ይታይ። ከተመረተ ዓመት ያለፈው አይመርዝም፤ ሽታው ግን ጠፍቷል። ፀሐይ የሚመታው የመስታወት መስኮት ላይ የተደረደረውን ትቶ ከውስጥ እንዲያወጡለት ባለሱቁን መጠየቅ ነውር የለውም። ብርሃን አረንጓዴውን ቅጠል ያገረጣዋል፤ ጣዕሙንም የድርቆሽ ያደርገዋል።

አንድ ከረጢት ቀዶ ነጭ ወረቀት ላይ ማፍሰስ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይነግራል። ጥሩው የወይራ ቅጠል ዓይነት አረንጓዴ ነው፤ ስብርባሪው በዓይን ይለያል፣ ሲሸተት ትኩስ ድርቆሽ ወይም የተቀቀለ ጎመን ያስታውሳል። ያረጀው ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ እንደ ሽሮ ዱቄት የደቀቀ ከሆነም ውኃ ሲነካው መራራውን በአንዴ ይለቃል። ልቅ ሆኖ የሚሸጠው የቻይና ቅጠል ደግሞ እንደ ቁንዶ በርበሬ ፍሬ የተጠቀለለ ነው። ሙቅ ውኃ ሲፈስበት ፍሬው ቀስ እያለ ይፈታና ብርጭቆው ሥር ሙሉ ቅጠል ተዘርግቶ ይታያል። ጣዕሙ ከከረጢቱ ይሻላል፤ ችግሩ መጠኑ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ሙሉ የሻይ ማንኪያ ይበዛል፤ ለ200 ሚሊ ሊትር ግማሽ ማንኪያ ይበቃል። ዓይኑ ለደከመና እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ማንኪያ ከመለካት ከረጢቱ ይቀላል።

አጥብቀን የምንከለክለው «የማቅጠኛ ሻይ» ተብሎ የሚሸጠውን ነው። ፓኬቱ አረንጓዴ ነው፣ ሥዕሉም የሻይ ቅጠል ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ ሰናመኪ አለበት። ሰናመኪ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ነው። ወጣት ሰው ሆዱን ቆርጦት ያልፈዋል። የ75 ዓመት እናት ግን ውኃና ፖታሲየም ከሰውነቷ ይሟጠጣል፤ በተለይ ሽንት የሚያበዛ የግፊት ኪኒን ከምትወስድ ጋር ሲደመር ድካም፣ የጡንቻ መዛል፣ የልብ ምት መዛባት ይመጣል። እናት «ሻዩ ሆዴን አላላልኝ» ብላ ደስ ሊላትም ይችላል። ተራ አረንጓዴ ሻይ ግን እንዲህ አያስቀምጥም፤ ከረጢቱ ከተጠጣ በኋላ ሆድ ከሄደ ፓኬቱን አውጥቶ ማንበብ ነው። ዝርዝሩ በማታውቁት ቋንቋ ብቻ የተጻፈ ከሆነ አይገዛ።

ሁለተኛው የሚከለከል በእንክብል የሚመጣው የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምገማ፣ ኢጂሲጂ የሚባለው ዋናው ካቴኪን በእንክብል መልክ በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ ጉበት መጎዳቱን የሚያሳዩ ምልክቶች በደም ምርመራ ከፍ ብለው መታየታቸውን ገልጿል። ሻይ ጠጪ ሰው በቀን የሚያገኘው ግን ከ90 እስከ 300 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ቅጠሉን አፍልቶ መጠጣትና ጭማቂውን መዋጥ አንድ ነገር አይደሉም። እንክብሉን የሚወስድ ሰው ዐይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ያንኑ ቀን አቁሞ ሐኪም ጋ ይሂድ። ማቻ የሚባለው ዱቄት መርዝ የለውም፤ ነገር ግን ቅጠሉ ራሱ ስለሚዋጥ ካፌይኑ ይበዛል፣ ዋጋውም አይቀመስም። ለሽማግሌ አያስፈልግም።

አፈላሉ ላይ እንቆይ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የቤታችን ልማድ ሻይ ቅጠሉን ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጨምሮ ማንተክተክ ነው። ለጥቁር ሻይ ያምርበታል። አረንጓዴው ግን ሲንተከተክ መራራው ሁሉ ይወጣል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ መራራውን ለማጥፋት ሦስት ማንኪያ ስኳር ይገባል፤ ጥቅሙም እዚያው ጠፋ። የሚፈልገው ከ75 እስከ 80 ዲግሪ የሞቀ ውኃ፣ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ነው።

እዚህ ላይ ደጋው ግማሹን ሥራ ሠርቶልናል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,840 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ በ90 ወይም በ91 ነው። የቱንም ያህል ቢንተከተክ ከዚያ አያልፍም። መንዝ ላይ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ፣ ከዚህም ዝቅ ይላል። ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ግን ወደ 96 ይጠጋል። ስለዚህ ፓኬቱ ላይ «የፈላ ውኃ አፍስሰው 3 ደቂቃ ይቆዩ» የሚለው ትእዛዝ ደብረ ብርሃን ላይ የሚጠጣ ሻይ ሲሰጥ ሸዋ ሮቢት ላይ የሚመር ይሰጣል።

ቴርሞሜትር አያስፈልግም፤ መቀላቀል ይበቃል። ደብረ ብርሃን ላይ አራት እጅ የፈላ ውኃ ላይ አንድ እጅ ቀዝቃዛ ውኃ ሲጨመር ወደ 75 ዲግሪ ይወርዳል፤ 200 ሚሊ ሊትር የፈላ፣ 50 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ። ሸዋ ሮቢት ላይ ሦስት እጅ የፈላ፣ አንድ እጅ ቀዝቃዛ፤ 78 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። ቀዝቃዛው ውኃ ማታ ፈልቶ ተከድኖ ያደረ መሆን አለበት። ከቧንቧ ወይም ከጀሪካን በቀጥታ የተጨመረ ውኃ በ75 ዲግሪ ሻይ ውስጥ በአስተማማኝ ሁኔታ ጸድቷል ማለት አይቻልም፤ አዛውንትን ደግሞ ተቅማጥ ቶሎ ይጥላል። መጀመሪያ ውኃው ይቀላቀላል፣ ከረጢቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቅጠሉ በፈላው ውኃ ተቀቅሎ ያልቃል፣ ቀዝቃዛው የሚደርሰው ከጥፋቱ በኋላ ነው።

ደቂቃው በሰዓት ይያዝ። ሁለት ደቂቃ ሲሆን ፈካ ያለ ቢጫ አረንጓዴ ነው፤ ለጀማሪ እዚህ ላይ ይውጣ። ሦስት ላይ ይጠነክራል። አምስት ደቂቃ ካለፈው ምላስ መያዝ ይጀምራል። ከረጢቱ ሲወጣ በማንኪያ አይጨመቅ፤ የመጨረሻው ጠብታ መራራው ነው። አንድ ባለ 2 ግራም ከረጢት 250 ሚሊ ሊትር ያወጣል፤ የእኛ የሻይ ብርጭቆ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ ለአባትና ለእናት አንድ ከረጢት ይበቃቸዋል። ብዙ ሰው ለእያንዳንዱ ትንሽ ብርጭቆ አንድ ከረጢት እየከተተ በእጥፍ የወፈረ ሻይ ይጠጣና «አልተስማማኝም» ይላል። ያው ከረጢት በአንድ ሰዓት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ መፍላት ይችላል፤ ያን ጊዜ 3 ደቂቃ ይሰጠው። ለነገ ማሳደር ግን አይገባም።

ሲጠጣም ረጋ ተብሎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥን ምግብ ማውረጃ ቧንቧ ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚባሉት ውስጥ መድቦታል፤ ጉዳዩ ሙቀቱ ነው፣ ሻይነቱ አይደለም። በብርዱ አገር «እፍፍ» እያሉ ትኩሱን መማግ የተለመደ ቢሆንም፣ ከረጢቱ ከወጣ በኋላ ብርጭቆው አምስት ደቂቃ ይቀመጥ።

ፔርሙስ ላለበት ቤት አንድ ምክር አለን። የተዘጋጀ አረንጓዴ ሻይ ፔርሙስ ውስጥ አይዋል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቡናማ ይሆናል፣ ይመራል። በፔርሙሱ የፈላ ውኃ ብቻ ይያዝ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተሞላው ውኃ ረፋዱ ላይ ራሱ ለአረንጓዴ ሻይ ወደሚስማማው ሙቀት ይወርዳል፤ ልጆቹ ሥራ የዋሉባት እናት ብቻዋን ከረጢት ከትታ በሰላም መጠጣት ትችላለች። እሳትም አትነካ፣ መቀላቀልም አያስፈልጋት።

የሰዓቱ ነገር ከሁሉ ይበልጣል። ካቴኪንና ታኒን ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት አንጀት ውስጥ ይይዙታል፤ ሰውነት ሳያገኘው ይወጣል። ሥጋ በቀን በቀን ለሚበላ ሰው ይህ ትልቅ ነገር አይደለም። በጾም ወራት ግን ብረቱ ሁሉ የሚመጣው ከጤፉ፣ ከምስሩ፣ ከሽሮው፣ ከጎመኑ ነው። ምሳ በልቶ እጅ እንደታጠቡ ሻይ መጠጣት ያንን ብረት እንደ መድፋት ነው፤ የደም ማነስ ያለበት አዛውንት ድካሙ ይብስበታል። ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ፤ ወጡ ላይ ቃሪያ ወይም ቲማቲም፣ ጎኑ ላይ ሎሚ መኖሩ ብረቱን ያግዘዋል። የብረት ኪኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ከሻይው በሁለት ሰዓት ያርቀው።

ባዶ ሆድም አይስማማውም። ጨጓራ ያለበት ሰው ጠዋት በባዶ ሆድ ሲጠጣው ያቅለሸልሸዋል፣ ያቃጥለዋል። ቁርስ 2 ሰዓት ላይ ከሆነ አረንጓዴው ሻይ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ይሁን። ምሳ 6 ሰዓት ተኩል ከሆነ ሁለተኛው 8 ሰዓት ላይ፤ ከዚያ በኋላ የለም። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ግን ችግር ይገጥመዋል። ጾሙን በሻይ ቢፈታ ጨጓራውን ይነካዋል፤ በልቶ አንድ ሰዓት ቢጠብቅ 10 ሰዓት ያልፋል፣ እንቅልፉን ይነካዋል። በጾም ቀን አረንጓዴ ሻዩ ቢቀር ነው የሚሻለው፤ ምትኩን ከታች እንናገራለን።

ስለ እንቅልፉ ለምን እንደምንጨነቅ ደጋ የሚኖር ሰው ያውቀዋል። 240 ሚሊ ሊትር አረንጓዴ ሻይ 30 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን አለው፤ በዚያው መጠን የተጣራ ቡና 95 ገደማ። ካፌይኑ ከቡና ቢያንስም ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ማታ የተጠጣ ሻይ እንቅልፍ ይነሣል፣ ሽንትም ያስነሣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከሞቀ ብርድ ልብስ ወጥቶ፣ በጨለማ ደጅ ያለ ሽንት ቤት መሄድ ለ80 ዓመት ሰው የመውደቂያ መንገድ ነው። የዳሌ አጥንት የተሰበረ አዛውንት ብዙ ጊዜ እንደ ቀድሞው አይራመድም። በቡና ሥርዓት አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚጠጣ ሰውም የዚያን ቀን ሁለተኛውን አረንጓዴ ሻይ ይተወው።

መድኃኒቱ ላይ ደንቡ አጭር ነው፤ ኪኒን በውኃ ይዋጣል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አረንጓዴ ሻይን በድንገት አያብዛ፣ በድንገትም አያቁም። ቅጠሉ ቫይታሚን ኬ ስላለው፣ በትንሹ ሲፈላ ብዙ ባይወጣም፣ በሊትር የጠጣ ሰው የደሙ ውፍረት ተዛብቶ ተመዝግቧል፤ ለክትትል ሲሄድ በቀን ስንት ብርጭቆ እንደሚጠጣ ለሐኪሙ ይንገር። ናዶሎል የተባለውን የልብና የግፊት መድኃኒት አረንጓዴ ሻይ ወደ ደም እንዳይገባ በጣም ይቀንሰዋል፤ ይህን የሚወስድ ሰው ሻዩን ባይጀምረው ይሻላል። የእንቅርት ኪኒን፣ ሊቮታይሮክሲን፣ በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ተውጦ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ምንም አይከተለውም፤ ሻይም ቡናም። ግፊት ለመለካት ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው ከ30 ደቂቃ በፊት አይጠጣ፤ ካፌይኑ ቁጥሩን ለጊዜው ከፍ አድርጎ ያሳያል።

ምትኩን እንናገር ያልነው ጦስኝን ነው። ከመንዝ፣ ከአንኮበርና ከደብረ ብርሃን ዙሪያ ደጋ የሚመጣው ደረቅ ጦስኝ በገበያ ይገኛል፤ ከአረንጓዴ ሻይ ፓኬትም ይረክሳል። የሻይ ተክል ስላልሆነ ካፌይን የለውም። ስለዚህ የማታው መጠጥ እሱ ነው፤ በጾም ቀን 9 ሰዓት ላይም እሱ ይሻላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ቅጠል ላይ 250 ሚሊ ሊትር የፈላ ውኃ ፈስሶበት ተከድኖ አምስት ደቂቃ ይቆያል፤ መክደኑ ሽታውን ይይዘዋል። ጦስኝም የግፊት ኪኒን አይተካም። ሲገዛ ከነሥሩ የተነቀለውን ሳይሆን ከላይ የታጨደውን ይምረጡ፤ ከሥሩ የተነቀለ በሚቀጥለው ክረምት አይበቅልም።

ቤት ከገባ በኋላ አረንጓዴ ሻይ ጠረን ይስባል። የኩበት ጭስ የሚያገኘው ኩሽና ውስጥ፣ ከበርበሬና ከኮረሪማ ጎን የተቀመጠ ፓኬት በሳምንት ውስጥ እነሱን እነሱን ይላል። ታጥቦ በደንብ የደረቀ፣ ክዳኑ የሚገጥም የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይበቃዋል፤ መኝታ ክፍል ወይም ሳሎን ይቀመጥ። እርጥብ ማንኪያ አይግባበት። በቀን አንድ ከረጢት ለሁለት ሰው ከሆነ 25 ከረጢት ያለው ፓኬት ለ25 ቀን ይሄዳል፤ ስለዚህ በየወሩ አንድ መግዛት እንጂ ለዓመት በዓል አምስት ፓኬት ጭኖ መምጣት አያስፈልግም።